ከሚሴ እና ያልተቆጠረው ተማሪ



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሁሉ ከሚሴን ያውቃታል። የቦርከናን ሜዳ፣ የሰንበቴን የእሑድ ገበያ፣ የባቲን ሰኞም ቢሆን ያላየ ሰምቷል። ዛሬ የምጽፈው ግን በዚያው በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን እየኖረ ማንም ስለማያየው ተማሪ ነው። «ይህ ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

በቁጥር ልጀምር። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 457 ሺህ ገደማ ነበር። ያው ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ ጉዳት ያለበት ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ ነው ብሎናል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ዘገባ በበኩሉ ከዓለም ሕዝብ 15 በመቶ የሚሆነው ከአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ገመተ። በፊተኛው ስሌት በዞኑ አራት ሺህ ተኩል ያህል ሰው ይኖራል፤ በኋለኛው 68 ሺህ። ልዩነቱ በከፊል የትርጓሜ ነው፤ ዘገባው ቀለል ያለውን ጉዳት ጭምር ይቆጥራልና። የቀረው ግን የእኛው ዝምታ ነው። ቆጣሪ ሲመጣ ከጓዳ የማይወጣ ልጅ አለ። ያልተቆጠረ ልጅ ደግሞ በጀት የለውም፤ ወንበርም የለውም።

ለመሆኑ ይህ መደበቅ ከጥንት የወረስነው ነው? ሙሉ በሙሉ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ቅኔና ዜማን፣ በወሎ መድረሳዎችም ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ነበሩ። ትምህርቱ በጆሮና በቃል የሚሄድ ስለነበር ዓይን ማጣት ከደጅ አያስቀርም ነበር። ይህን ስል ያለፈውን ዘመን ገነት ላደርገው አይደለም፤ መስማት ለተሳነው ልጅ ያ ጉባኤም ቢሆን ዝግ ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ጥቁር ሰሌዳውን ይዞ ሲመጣ ዓይነ ስውሩንም ከደጅ አስቀረው።

መንግሥት የሰጠው መልስ ዘገምተኛ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሰበታው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ብዙ ምሁራንንም አፈራ። ሆኖም ከወሎ ለሚመጣ ልጅ መማር ማለት ከእናቱ መለየት ማለት ነበር። በ1963 ዓ.ም. የወጣው ትዕዛዝ ቁጥር 70 አካል ጉዳተኛን መተዳደሪያውን ሊያገኝ የማይችል ሰው አድርጎ ተረጐመው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የሰጠው ተስፋም «የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» በሚል መንፈስ የታጠረ ነው። ቋንቋው ከምጽዋት ወደ መብት የተሻገረው ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ስታጸድቅ ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ልጁ ከሌሎች ጋር በእኩልነት፣ በሚኖርበት አካባቢ እንዲማር ያዛል። እንግዲህ በከሚሴ ያለ ወላጅ የሚጠይቀው ችሮታ አይደለም፤ ሕግ ነው።

ከሚሴ ደግሞ የራሷ ጥያቄ አላት። በዞኑ ሕፃናት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይማራሉ፤ አማርኛንም በፊደሉ ያጠናሉ። ዓይነ ስውሩ ልጅ እንግዲህ የላቲኑንም የአማርኛውንም ብሬል ማወቅ ይኖርበታል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል የተመሠረተው በግዕዙ ፊደል ላይ ነው፤ በቁቤ የሚማረው መስማት የተሳነው ልጅ በየትኛው ይጻፍ? የብሔረሰብን የቋንቋ መብት ያስከበረ ሥርዓት የእነዚህን ልጆች ቋንቋ ከረሳ ሥራውን ገና አልጨረሰም።

የወሎ ልጅ የሆነችውን የትነበርሽ ንጉሤን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በአማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጣች። ቤተሰቧ እጣ ፈንታዋ ነው ብሎ አላስቀራትም፤ ሻሸመኔ ድረስ ልኮ አስተማራት። ሕግ አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2017 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ደግሞ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልይዝ ሲሏቸው ቤት ዘግተው አላለቀሱም፤ በአዲስ አበባ የጆይ ማዕከልን አቋቋሙ፤ የሌላውን ወላጅ ልጅም አስተማሩ። ነገር ግን ሁሉም ወላጅ ማዕከል ሊያቋቁም አይችልም፤ ልጅም ለመማር አገር አቋርጦ መሄድ የለበትም።

ስለዚህ ትግሉ መጀመር ያለበት ከሰፈር ትምህርት ቤት ነው። እኔ ራሴ በልጅነቴ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ የነበረ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ሲጠሩት አይመልስም፤ «ትዕቢተኛ» ተብሎ ይገረፍ ነበር። ጆሮው እንደማይሰማ የታወቀው ትምህርቱን ጥሎ ከሄደ በኋላ ነው። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አልጠየቀም እንጂ። ወላጆቹም ፈርተው አልተናገሩም። እኛም ተማሪዎቹ እናውቅ ነበር፤ ዝም አልን። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መምህር ከሁሉ በፊት ልብ ብሎ ይይ፤ ፊት ወንበር በማስቀመጥ ብቻ የሚድን ተማሪ አለ። ያየውንም በጽሑፍ ለርእሰ መምህሩ፣ አልፎም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያቅርብ፤ የቃል አቤቱታ ከቢሮ በር አያልፍምና። ወላጅም ለወዳጃ ዱዓ የሚያወጣውን ልጅ ለምዝገባም ያውጣው። በወላጅና መምህራን ስብሰባ ተነሥቶ «ክፍሉ ምድር ቤት ይሁንልኝ፤ በፈተና ጊዜ አንባቢ ይመደብለት» ብሎ ይጠይቅ፤ ጥያቄውም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ብቻውን ከሆነ እንደ በጥባጭ ይታያል፤ አምስት ሆነው ከመጡ ግን ማኅበር ናቸው። ወሎ ለቀብር የሚሰበሰብበት ቅሬ አለው፤ ለቀብር የተባበረ ሕዝብ በሕይወት ላለ ልጅ መተባበር እንዴት ያቅተዋል?

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ ዘልቋል። ጦርነት ደግሞ አካለ ስንኩል ሳያበዛ አይሄድም። ጥያቄው ነገ የሚመጣ አይደለም፤ ደጅ ላይ ቆሟል።

አበው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ዝም ባለ አፍ ልጅም ትምህርት ቤት አይገባም። ፖለቲካ ማለትስ ማን ይቆጠራል፣ ማንስ ይቀራል የሚለው ጥያቄ አይደለምን?

ቸር ይግጠመን።