የደማስቆው የኡመያ መስጊድ ሞዛይክና ሃይማኖታዊ ትርጓሜው

የኡመያ መስጊድ በሶርያ መዲና በደማስቆ አሮጌ ከተማ የሚገኝ፣ በኡመያ ሥርወ መንግሥት ኸሊፋ በአል-ወሊድ ቀዳማዊ ትእዛዝ ከ706 እስከ 715 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የታነጸ ታላቅ መስጊድ ነው። ከእስልምና ጥንታዊ ሐውልታዊ ሕንፃዎች አንዱ ሲሆን፣ ስሙን ያስጠራው በተለይ ግድግዳውን ያለበሰው ሞዛይክ ነው።

ቦታው ከመስጊዱ በፊትም የአምልኮ ስፍራ ነበር። አራማውያን ሐዳድን፣ ሮማውያን ዩፒተርን አምልከውበታል፤ ክርስትና ሲነግሥ የመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ተሠራበት። ከተማዋ በ630ዎቹ በሙስሊሞች እጅ ከገባች በኋላ ሁለቱ ሃይማኖቶች ግቢውን ለአሥርት ዓመታት ተጋርተውት ቆዩ። አል-ወሊድ ቤተ ክርስቲያኑን አፍርሶ መስጊዱን ሲያቆም የሮማውያኑን የውጭ ግንብ ግን አልነካም። በጸሎት አዳራሹ ውስጥ የነቢዩ የህያ፣ ማለትም የመጥምቁ ዮሐንስ፣ ራስ አርፎበታል የሚባል መቃም አለ። በደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን ያለው ሚናራም የዒሳ ሚናራ ይባላል፤ በዘመን ፍጻሜ ነቢዩ ዒሳ፣ ማለትም ኢየሱስ፣ የሚወርዱበት ነው ተብሎ ይታመናል።

ሞዛይኩ የተሠራው ከባለቀለም መስታወት፣ ከድንጋይና ወርቅ ከተለበጠ መስታወት ጥቃቅን ቁራጮች ነው። የቢዛንታይን ንጉሥ ሠራተኛና ዕቃ ልኮ ነበር የሚለው የጥንት ጸሐፊዎች ትረካ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ሙያው ግን ከቢዛንታይን ወግ የተቀዳ መሆኑ ከሥራው ይታያል። በዚያ ወግ ወርቃማው ግድግዳ የክርስቶስ፣ የድንግል ማርያምና የቅዱሳን ሥዕል ማረፊያ ነው። እዚህ አንድም ሰው፣ አንድም እንስሳ የለም። ይህ ኡመያዎች ሰው መሣል ስለጠሉ አይደለም፤ በዛሬዋ ዮርዳኖስ በረሃ ባለው በቁሰይር አምራ መታጠቢያ ቤታቸው አዳኞችንና የሚታጠቡ ሴቶችን አሥለዋል። የሰውና የእንስሳ ምስል የተከለከለው ለአምልኮ ቤት ነበር።

ከሞዛይኩ ዋነኛው በምዕራቡ የግቢ በረንዳ ላይ ያለው፣ ከ30 ሜትር በላይ የሚረዝመው ክፍል ነው። ከሥሩ ወንዝ ይፈስሳል፤ በወንዙ ዳር ግዙፍ ዛፎች ቆመዋል፤ በዛፎቹ መካከል ቤተ መንግሥት የሚመስሉ ባለ ፎቅ ሕንፃዎችና ተደራርበው የተሠሩ የመንደር ቤቶች ይታያሉ። በደማስቆ በኩል በሚያልፈው ወንዝ ስም የበረዳ ሞዛይክ ተብሏል። ስሙ ራሱ አንድ ትርጓሜ ነው፤ ሥዕሉ ከተማዋንና በዙሪያዋ ያለውን ለምለሙን የጉታ ምድር ያሳያል የሚል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጂኦግራፈር አል-ሙቀደሲ ግን በግድግዳው ላይ ያልተሣለ የታወቀ ዛፍም ሆነ ከተማ የለም ለማለት ምንም አልቀረውም። በዚህ አተያይ ሥዕሉ ከአንዳሉስ እስከ ሲንድ የተዘረጋው የኸሊፋው ግዛት ነው።

ሦስተኛው ትርጓሜ ጀነት (ገነት) ነው፤ ማስረጃውም ከሁሉ ይጠነክራል። ከሥራቸው ወንዞች የሚፈስሱባቸው አትክልቶችና ከፍ ያሉ ሰገነቶች ቁርዓን ለአማኞች ተስፋ የሚሰጣቸው ናቸው። በሕንፃዎቹ ቅስቶች ላይ የተንጠለጠሉት ዕንቁዎችም በሐዲስ ከሚነገረው የጀነት የዕንቁ ቤት ጋር ይስማማሉ። ዛሬ በጠፋው የቂብላ (የመካ አቅጣጫ) ግድግዳ ጽሑፍ ላይ ደግሞ እንደ አል-ተክዊር ያሉ፣ ስለ ፍርድ ቀን የሚናገሩ የቁርዓን ሱራዎች እንደነበሩ የጥንት ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ቤቶቹ ባዶ የሆኑት ነዋሪዎቻቸው ገና ስላልገቡ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ፤ የሚያምር ሐሳብ ቢሆንም ከምስል ክልከላው ተለይቶ ሊረጋገጥ አይችልም። ጀነትና ግዛትም የግድ አይቃረኑም፤ በሰላም የሚተዳደር ለምለም ምድርን በጀነት አምሳል ማሳየት ለኸሊፋው ይስማማው ነበር።

ጌጡ ሁሉንም ደስ አላሰኘም። በ717 ሥልጣን የያዘው ኸሊፋ ዑመር ዳግማዊ ወርቁን አስነቅሎ ለሕዝብ ግምጃ ቤት ሊያስገባ አስቦ፣ የቢዛንታይን መልእክተኞች በሕንፃው ሲደነቁ አይቶ ተወው ይባላል።

በ1069 እና በ1893 የተነሡት ቃጠሎዎች ብዙውን ሞዛይክ አጥፍተዋል። የበረዳው ክፍል ከልስን ሥር ተገልጦ የታየው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። በጸሎት አዳራሹ የፊት ገጽ ላይ ዛሬ የሚያንጸባርቀው ወርቅ በአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ጥገና በመሆኑ፣ የስምንተኛውን ክፍለ ዘመን ሐሳብ የሚፈልግ ተመልካች ከምዕራቡ በረንዳ ቢጀምር ይሻለዋል።