በአንድ ዓይን የሚሳለው ማን ነው?

አኒሜ የሚያይ የከተማ ልጅ ሁሉ «ጂብሊ» የሚለውን የስቱዲዮ ስም ያውቀዋል። ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን ብዙ አይደለም። ቃሉ በሊቢያ በረሃ የሚነፍሰው የሞቃት ነፋስ ስም ነው። ጣሊያኖች ደግሞ የካፕሮኒ ኩባንያ ለሠራው አንድ ወታደራዊ አውሮፕላን ሰጡት። አውሮፕላን ወዳዱ ሀያኦ ሚያዛኪ እ.ኤ.አ. በ1985 ስቱዲዮው ሲቋቋም ስሙን ከዚያ ወሰደ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እየበረሩ ቦምብ ከጣሉት አውሮፕላኖች መካከል የካፕሮኒ ሥራዎች ነበሩባቸው።

ነገሩ በስም ብቻ አያበቃም። ሚያዛኪ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው «ነፋሱ ተነሣ» በተባለው ፊልም፣ «ዜሮ» የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን የነደፈው መሐንዲስ ጂሮ ሆሪኮሺ በሕልሙ የሚያገኘው አማካሪ ጃኒ ካፕሮኒ ራሱ ነው። ባለ ሪዝ፣ ሳቂታ፣ ደግ ሰው ሆኖ ነው የተሳለው። ፊልሙ የካፕሮኒ አውሮፕላኖች ቦምብ እንደሚጥሉ አይደብቅም። ቢሆንም ተመልካቹ ከውበቱ ጋር ፍቅር ይይዘዋል። በኮሪያ ብዙዎች «ዜሮን ለመሥራት በግዳጅ የተወሰዱት የእኛ ሰዎች የት አሉ?» ብለው ተቆጡ። በጃፓን ያሉ ቀኝ አክራሪዎች ደግሞ በተቃራኒው ሚያዛኪን አገሩን የሚያዋርድ አደረጉት። እኛ ግን ዝም አልን። ምናልባት የራሳችንን ድርሻ ስለማናውቀው ይሆናል።

የጃፓን የጦርነት ሥዕሎች ታሪክ ከዚህ ፊልም በጣም ይሰፋል። ኬይጂ ናካዛዋ ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱን፣ እኅቱንና ወንድሙን አጣ። እ.ኤ.አ. በ1973 «ባዶ እግሩ ጌን» የተባለውን ማንጋ መሳል ጀመረ። መጽሐፉ ቦምቡን ብቻ አይከስም፤ ንጉሠ ነገሥቱን፣ የጃፓን ወታደሮች በእስያ የፈጸሙትን ግፍና ጦርነቱን የተቃወመውን የጌን አባት ሲያሰቃይ የነበረውን የሰፈር ሰውም ይከሳል። በዚያው ዓመት ሺገሩ ሚዙኪ፣ ግራ እጁን ራባውል ላይ ያጣ የቀድሞ ወታደር፣ በገዛ አለቆቹ ትእዛዝ ያለ ትርጉም እንዲሞቱ የተገደዱ ወታደሮችን ታሪክ በማንጋ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ኢሳኦ ታካሃታ «የእሳት ራት አብሪዎች መቃብር»ን ሠራ። በኮቤ ቦምብ የተነሣ ወላጅ አልባ የሆኑ ወንድምና እኅት በረሃብ ሲያልቁ እያየ የማያለቅስ የለም።

በእንባው ውስጥ ግን ጥያቄ አለ። ረሃቡ ይታያል፤ የጃፓን ጦር በቻይና ያስራበው ሕፃን አይታይም። ተቺዎቹ «የጃፓን ትዝታ የተበዳይ ትዝታ ሆኖ ቀረ» የሚሉት ለዚህ ነው። ይህን ዝምታ የሰበረው «ጌን» ምን እንደገጠመው እንመልከት። በ2012 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የማትሱኤ ከተማ የትምህርት ቦርድ፣ ወታደሮች ግፍ ሲፈጽሙ የሚያሳዩት ገጾች ለልጆች ይከብዳሉ ብሎ መጽሐፉ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በነጻ እንዳይነበብ አደረገ። ጩኸት ሲበዛ በነሐሴ 2013 (እ.ኤ.አ.) እገዳውን አነሣ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ሂሮሺማ ከተማ ራሷ መጽሐፉን ከሰላም ትምህርት ማስተማሪያዋ አወጣችው። የራስን በደል የሚያሳይ ሥዕል በየትም አገር መቀመጫ ይቸግረዋል።

ወደ እኛ እንመለስ። እኛም የጦርነት ሥዕል አለን፤ ከማንጋም ይቀድማል። የአድዋን ሥዕል ያላየ የለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረስ፣ ምኒልክ በግራ፣ ጣይቱ በፈረስ፣ ጣሊያን በቀኝ። የባህላዊ ሠዓሊዎቻችንን ሕግ ልብ ብላችሁታል? ወዳጅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይሳላል። ጠላት በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሰይጣንና ይሁዳም በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንዲሁ ናቸው። ቀላልና ጠንካራ ሕግ ነው፤ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ማንበብ አያስፈልግም። ችግሩ የሚመጣው ታሪኩ እንዲህ ለሁለት ሳይከፈል ሲቀር ነው።

ለምሳሌ የአዋሽን ሸለቆ ውሰዱ። አንድ የማንጋ ሠዓሊ የአዋሽን የባቡር ድልድይ ቢያገኝ ምን ያህል ይደሰት ነበር! ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሡት ንጉሠ ነገሥት ወደ ስደት የሚወስዳቸው ባቡር የተሻገረው እዚያ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚሸሹት ጣሊያኖች ድልድዩን አፈረሱት። በመጋቢት 1933 መጨረሻ በእንግሊዞች የሚመሩ የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ወንዙን ተሻግረው መጋቢት 28 አዲስ አበባ ገቡ። አንድ ድልድይ፣ ሁለት ገጽ፤ ሽንፈትና ነጻነት።

ወንዙን ተከትለን ወደ ታች ስንወርድ ግን ሥዕሉ ይወሳሰባል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1875 በግብፅ ስም ጦር እየመራ የመጣውን ስዊሳዊውን ሙንዚንገርን አውሳ ላይ የገደሉት ዐፋሮች ናቸው። ከጉንደት ድል ጋር በአንድ ሳምንት የሆነ ነገር ነው፤ ከአሳይታና ከሰመራ ውጭ ግን ስንት ልጅ ሰምቶታል? በመጋቢት 1928 ደግሞ ከአሰብ የተነሣ የጣሊያን ጦር ምግብና ውኃ ከአውሮፕላን እየቀረበለት በረሃውን አቋርጦ ሰርዶን ያዘ። ሰርዶ ዛሬ ከሰመራ ወደ ጅቡቲ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ በ1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ያፈራረሳት ትንሽ ቦታ ናት። የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ከጣሊያን ጋር ተወዳጁ። ከነጻነት በኋላ መንግሥት ይዞ ሻራቸውና እ.ኤ.አ. በ1944 ሱልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬ ተተኩ። መሐመድ ያዮን በስንት ዓይን እንሳላቸው? ባንዳ ብሎ መገላገል ይቀላል። ከአዲስ አበባ ጋር የነበራቸውን የቆየ መጠራጠር ሳይስሉ ግን ፊታቸውን መሙላት አይቻልም።

ይህ የሩቅ ታሪክ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ባልደከምኩ። በ2013 ክረምት ጦርነት ወደ ዐፋር ገባ። ሐምሌ 29 ቀን ጋሊኮማ ላይ ተፈናቃዮች በተጠለሉበት ስፍራ ከ100 በላይ ሕፃናትን ጨምሮ ከ200 በላይ ሰዎች መገደላቸው መነገሩን ዩኒሴፍ አስታወቀ። የሕወሓት ኃይሎች ተከሰሱ፤ አስተባበሉ። በ2014 ደግሞ ከአብዓላና ከአካባቢው የተወሰዱ በሺዎች የሚቆጠሩ የትግራይ ተወላጆች ሰመራና አጋቲና በሚገኙ ካምፖች ለወራት ተያዙ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን እንዲለቀቁ ጠየቀ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሥዕል እየሳለ ነው፤ በሁሉም ሥዕል ውስጥ ሌላው በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የሚታየው።

በሰመራ የሚያድግ ልጅ ጋሊኮማን የመሳል መብት አለው፤ ማንም «ተው፣ ቁስል አትቀስቅስ» ሊለው አይገባም። ግን በዚያው ደብተር፣ በቀጣዩ ገጽ፣ በገዛ ከተማው ካምፕ ውስጥ ወራት የቆጠረችው እናት ፊቷን ወደ አንባቢው አዙራ ካልተሳለች ሥዕሉ የታካሃታ እንባ ይኖረዋል፤ የናካዛዋ ድፍረት አይኖረውም። የመቀሌውም ልጅ ጋሊኮማን እስኪስል፣ የአዲስ አበባውም ዝም ያለበትን ጊዜ እስኪስል እንዲሁ ነው።

አንድ ዘመን ጃፓንን መምህር አድርገን ነበር። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የተቀዳው ከሜጂ ነው፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ቶኪዮ ደርሰው ተመልሰው መጽሐፍ ጻፉ። ያቺው ጃፓን ግን እ.ኤ.አ. በ1936 መጨረሻ የጣሊያንን ወረራ ተቀበለች። ከመንግሥቷ የተማርነው ብዙም አልጠቀመንም። ከናካዛዋ ብንማር ይሻላል። የኮሚክ ሥራ በእኛም አገር ተጀምሯል፤ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የኤታን ኮሚክስ «ጀምበር» ምስክር ነው። እርሳስ አለ፣ ስልክ አለ፣ ታሪክማ ሞልቷል። የጎደለው ጠላት ያልነውን ሰው ሁለተኛ ዓይኑን የሚስልለት እጅ ነው።