ቅኝቱ በእጅ ነው፦ የፒያኖ ትምህርት በአዲስ አበባ

ክራር ደርዳሪ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ክሮቹን በትዝታ ወይም በባቲ ይቃኛል። አንዴ ከተቃኘ በኋላ ጣቱ የትኛውን ክር ቢነካ ከቅኝቱ አይወጣም። ፒያኖ ግን ሁሉንም ድምፅ በአንድ ላይ ደርድሮ ይጠብቃል። ከ88ቱ ቁልፎች (52 ነጭ፣ 36 ጥቁር) የማይፈለጉትን እየዘለለ የሚያልፈው ተጫዋቹ ስለሆነ ቅኝቱን የሚይዘው የጀማሪው እጅ ነው። የኢትዮጵያ ጀማሪዎች ፒያኖን የተማሩት ይህን እየለመዱ ነው፤ ለመልመድ ግን መጀመሪያ መሣሪያው መገኘት ነበረበት።

መሣሪያው ለረጅም ጊዜ ብርቅ ነበር። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የውብዳር ገብሩ፣ የኋላዋ እማሆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልዳ በስድስት ዓመቷ ከእህቷ ከስንዱ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተላከች፤ ሙዚቃንም እዚያው በቫዮሊን ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1933 ተመለሰች፤ ጣሊያን ሲገባ ግን ቤተሰቡ ተግዞ ወደ ጣሊያን ተወሰደ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄዳ በፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማረች፤ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል በፒያኖና በቫዮሊን ታሳልፍ ነበር። የካይሮ ሙቀት ጤናዋን ስለጎዳው ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ኮንቶሮቪችም መጥቶ የክብር ዘበኛን ሙዚቃ መራ። በኋላ ግሸን ማርያም መንኩሰው ዓመታት ከቆዩ በኋላ ወደ ፒያኖው የተመለሱት እማሆይ የመጀመሪያ ሸክላቸውን እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር አሳተሙ። አንድ ሰው ፒያኖ ለመማር ባሕር መሻገር የነበረበት ዘመን ነበር ማለት ይቻላል።

አገር ውስጥ ሙዚቃ በኖታ ያስተማሩት መጀመሪያ የማርሽ ባንዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ያደራጁት ግን የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ ነበር። ፒያኖ በአንድ ጣሪያ ሥር ለብዙ ተማሪ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ አሸናፊ ከበደ የመጀመሪያ ዳይሬክተር በሆኑበት በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ይህ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። በሩ ቢከፈትም የተማሪው ዕድሜ ገፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 የተወለደው ግርማ ይፍራሸዋ ከልጅነቱ ክራር ይጫወት ነበር፤ ፒያኖ የነካው ግን ያሬድ ሲገባ በ16 ዓመቱ ነው። ከዚያ ሶፊያ ሄዶ በክላሲካል ትምህርት ገፋ። ሳሙኤል ይርጋም ፒያኖ የጀመረው በ16 ዓመቱ ነው። አውሮፓ ውስጥ በስድስት በሰባት ዓመት የሚጀመረውን ትምህርት በዚህ ዕድሜ መጀመር ለጣት ከባድ ነው። ጆሮው ግን ከክራርና ከዜማ ጋር አድጓል፤ ይህ ትርፍ ቀላል አይደለም።

ጀማሪው በቁልፎቹ ላይ የሚያገኘው መንገድ እንደ ቅኝቱ ይለያያል። ከሦስቱ ጎረቤታም ጥቁር ቁልፎች የግራውን መነሻ አድርጎ አምስቱን ጥቁሮች ወደ ላይ ቢነካ የትዝታ ሜጀር ይወጣለታል፤ አንድም ቁልፍ ሳያስቸግረው። አምባሰል ደግሞ ከሚ ተነስቶ በነጮቹ ብቻ ይሄዳል፦ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። ባቲም ከዶ ቢነሳ እንዲሁ ነው፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። አንቺ ሆዬ ግን በነጭ ብቻ አይገኝም፤ ከሲ ተነስቶ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ካለ በኋላ አንድ ጥቁር ይፈልጋል። የፒያኖ ድምፆች እኩል ተከፋፍለው የተወጠሩ ስለሆኑ የክራርና የማሲንቆን ቅኝት ቅመም ሙሉ በሙሉ አይሰጡም፤ የሠለጠነ ጆሮ ይህን ወዲያው ይለየዋል። ግራ እጅም ሌላ ችግር ነው። የደገኛው ዜማ በአብዛኛው አንድ መስመር ስለሆነ ለግራ እጅ የተዘጋጀ ሥራ የለውም። አንዱ በኦክታቭ መነሻ ድምፁን ይደጋግማል፤ ሌላው ኮርድ ይጨምርና ዜማው ፈረንጅ ፈረንጅ ይሸታል። ግርማ አምባሰልን ወደ ፒያኖ ሲያመጣ የገጠመው ሥራ ይኸው ነው።

ከመሃል ከተማ ወጣ ብለው ባሉ ሰፈሮች፣ አስኮን በመሰሉት፣ ነገሩን የለወጠው የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ነው። 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ በታክሲ ይጫናል፤ መቃኛ ባለሙያ አይፈልግም፤ በማዳመጫ ስለሚሠራ የግቢ ጎረቤት አይረብሽም። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መዘምራንን የሚያጅብ ወጣት ትምህርቱን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በኖታ ሳይሆን ከሚቀድመው ተጫዋች ጎን ቆሞ እጁን በማየት ነው። ይህ መንገድ ፈጣን ነው፤ ጉድለት ግን አለው። ዘማሪው ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርግ ተጫዋቹ መነሻ ድምፁን የሚያዛውረውን የትራንስፖዝ ቁልፍ ተጭኖ በለመደው ጣት ይቀጥላል። የቀላል ቁልፍ ልማድም ጣቱን ሳያጠነክረው ይቀራል። በእንዲህ ያለ ኪቦርድ የጀመረ ልጅ እውነተኛ ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ የቁልፉን ክብደትና የፔዳሉን አያያዝ መልመድ፣ የሚያውቀውንም ዜማ ከ12ቱም መነሻ ድምፆች እየተነሳ እንደ አዲስ ማጥናት ይኖርበታል።