ከዋግ ማን ይመለመላል?

ማሞ ወልዴ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የሮጠው በ1956 በሜልቦርን ነው። (ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለኢትዮጵያም የመጀመሪያዋ ኦሎምፒክ ነበረች። ማሞ በ800 እና በ1500 ሜትር ተሰልፎ ከማጣሪያው አላለፈም። ዕድሜው 24 ነበር። በዚያ ቀን ሰዓት ይዞ የተቀመጠ መልማይ ቢኖር ስሙን ሰርዞ ወደ ቀጣዩ ሯጭ ይሻገር ነበር፤ ማንም አይፈርድበትም። በ1964 ቶኪዮ ላይ ማሞ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በ10,000 ሜትር ብር፣ በማራቶን ወርቅ አገኘ፤ ያኔ 36 ዓመቱ ነው። አርባ ዓመት ሲሞላው ደግሞ ሙኒክ ላይ በማራቶን ነሐስ ጨመረ።

ማሞ ያን ጊዜ የሮጠበት የሜልቦርን ክሪኬት ሜዳ የአውስትራሊያ እግር ኳስ ዋና ቤት ነው። በዚያው ኦሎምፒክ ላይ ይህ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት፣ ሞላላ ኳስ ያለው የአገሬው ጨዋታ ለእንግዶች ማሳያ ቀርቦ ነበር። አውስትራሊያውያን ከዚያ ወዲህ ታዳጊን መመዘን ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ አድርገውታል። ልምዳቸውን እዚህ የማነሳው በአማራ ክልል ስላሉት የሰቆጣና የዋግ ኽምራ ልጆች ሳስብ እነርሱ ዘግይተው የተማሩት ነገር ለእኛ ዛሬውኑ ያስፈልገናል ብዬ ስለማምን ነው።

አሠራራቸው ይህን ይመስላል። ከ1986 ጀምሮ በየዓመቱ ክለቦች ተሰብስበው አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ ይመርጣሉ፤ በውድድር ዘመኑ መጨረሻ የወጣው ክለብ ቀድሞ ይመርጣል። ዛሬ 18 ክለቦች አሉ። አብዛኞቹ ተመራጮች አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ልጆች ናቸው። ከምርጫው በፊት እጩዎቹ አንድ ቦታ ተጠርተው ቁመታቸው፣ ክብደታቸው፣ የክንዳቸው ርዝመት ይለካል። 20 ሜትር ይሮጣሉ፣ ከቆሙበት ወደ ላይ ይዘላሉ፣ በእንቅፋቶች መካከል እየተጠማዘዙ ይፈተናሉ፣ 2 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሮጣሉ። ሐኪም ጉልበታቸውንና ትከሻቸውን ያያል፤ ክለቦች ቁጭ አድርገው ያነጋግሯቸዋል። መልማዮቹ ደግሞ ከዚያ ቀድመው በየጨዋታው ሲከታተሏቸው ከርመዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ይሳሳታሉ። በ1990 ጀምስ ሂርድ የተባለው ወጣት የተመረጠው በ79ኛ ደረጃ ነው። ሰባ ስምንት ልጆች ከእርሱ ይሻላሉ ተብለው ቀድመውታል። በ1996 የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ከሌላ ተጫዋች ጋር ተጋርቶ ወሰደ። ስሕተቱ የሚገርም አይደለም፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ገና እየተሠራ ያለ ሰው ነው። የእነርሱ ሥርዓት ጥንካሬ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በኅዳሩ ምርጫ ያልተመረጠ ወጣት በየክፍለ ግዛቱ ሊግ እየተጫወተ ይቆያል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ይታያል፣ ከ2019 ወዲህ ደግሞ በውድድሩ አጋማሽ የሚገባበት በር ተከፍቷል። ሰውነቱ በሃያና በሃያ አንድ ዓመቱ የሚጠነክር ልጅ መንገዱ አይዘጋበትም። ክለቦቹ ከ2016 ጀምሮ በስደተኛ ቤተሰቦች ሠፈር ሳይቀር የማሠልጠኛ ፕሮግራም ከፍተዋል። ከደቡብ ሱዳን በተሰደዱ ወላጆች በኢትዮጵያ ምድር የተወለደው ቻንግኩዎት ጃያት ለሃውቶርን ክለብ የተሰለፈው በዚህ ዘመን ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። በየተራ መምረጥ ለገጠር ልጅ እንግዳ አይደለም። በገና ጨዋታ ላይ ሁለቱ የቡድን አባቶች ፊት ለፊት ቆመው የመንደሩን ልጅ አንድ አንድ እያሉ ሲከፋፈሉ ያደገ ሰው ያውቀዋል። አበበ ቢቂላ በልጅነቱ የገና ጨዋታ የሚጫወት ልጅ ነበር። የጨዋታውን ኳስ፣ ሩሯን፣ ተከትሎ በሜዳና በገደል ሲሮጥ የሚውል ልጅ ሳንባውን የሚሠራው ማንም ሳያየው ነው። አበበን ያየው ሰው የመጣው ቆይቶ፣ በክቡር ዘበኛ ውስጥ ነው። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን በ1946 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ወታደሮችን ያሠለጥን ነበር። በ1960 አበበ ወደ ሮም ኦሎምፒክ ሄደ፤ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2:15:16 የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ዕድሜው 28 ነው።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የምልመላው ጠባብነት ነው። በዚያ ዘመን ሯጭ የሚፈለገው ከክቡር ዘበኛ፣ ከጦር ሠራዊትና ከፖሊስ ነበር። የሞስኮ ኦሎምፒክ ባለ ሁለት ወርቁ ምሩጽ ይፍጠር ከአየር ኃይል ነው የወጣው። ካምፕ ያልገባ ገበሬ፣ የደንብ ልብስ ያልለበሰ እረኛ፣ ሴት ልጅ በሙሉ፣ ከመዝገቡ ውጭ ነበሩ። ስንት ሯጭ በየተራራው ላይ ሸምግሎ እንደቀረ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ያን አጥር የጣሰው አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነው። ስንታየሁ እሸቱ አርሲ በቆጂ ተመድቦ ልጆችን ማሯሯጥ ያዘ። በእጁ ካለፉት መካከል ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይገኛሉ። ስለ በቆጂ ሲወራ አየሩ፣ ገብሱ፣ ወደ ሦስት ሺህ ሜትር የሚጠጋው ከፍታ ይነሳል። ሁሉም እውነት ነው። ግን እንዲህ ያለ ከፍታ ያለው ወረዳ በኢትዮጵያ ስንት ነው? ከብዙዎቹ አንድ እንኳ ስመ ጥር ሯጭ አልወጣም። የበቆጂ ልዩነት መምህሩ ዓመት ከዓመት እዚያው መኖሩ ነው። ዛሬ አሥረኛ የወጣችውን ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት፣ በሚቀጥለው ወር፣ በሚቀጥለው ዓመት ያያታል። ከበሽታ ተነሥታ መምጣቷን፣ እናቷ ገበያ ልካት ደክሟት መምጣቷን ያውቃል። ስድስት ወር ውስጥ ምን ያህል እንደተሻሻለች ይለካል። ትልቁ መለኪያ ይህ ነው፤ አንድ ቀን ከሌላ ቦታ የመጣ መልማይ ሊለካው አይችልም።

በያኒስ ፒትሲላዲስ የሚመራው የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2003 ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያን ታዋቂ ሯጮች አመጣጥ መርምሮ ነበር። አብዛኞቹ የማራቶን ሯጮች ከአርሲና ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ ብዙዎቹም በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱት ረጅም መንገድ እየሮጡ ነበር። ይህን ውጤት ያነበበ ሰው መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። ከአምደወርቅ፣ ከአስከተማ፣ ከጽጽቃ ገጠሮች ትምህርት ቤት የሚሮጠው ልጅስ? የዋግ ልጅ ከተከዜ ሸለቆ ቆላ እስከ ዳህናና ጋዝጊብላ ደጋ ያለውን ዳገት በየቀኑ በእግሩ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሰቆጣ ራሷ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ናት። ፍየል ጥበቃውም በዚሁ ገደል ላይ ነው። ሩጫው አለ። የጎደለው የሚያይ ዓይን ነው።

አሁን ያለው ምልመላ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ውድድር ይዘጋጃል። ሜዳው በኖራ ይሰመራል። ልጆቹ ገሚሱ በባዶ እግር፣ ገሚሱ በኮንጎ ጫማ ይሰለፋሉ። ከሌሊት ተነሥቶ ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግሩ የመጣው ልጅ ከከተማው ልጅ ጎን ይቆማል። ፊሽካ ይነፋል። ጢሙ ያጎነቆለው፣ ትከሻው የሰፋው ልጅ ቀድሞ ይገባል። መዝጋቢው አራት ነገር ይጽፋል፦ ስም፣ ወረዳ፣ ዕድሜ፣ ውጤት። ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ያልፋሉ፤ የቀሩት ወደየመንደራቸው ይመለሳሉ፤ ስማቸውም የሰፈረበት ወረቀት የት እንደሚገባ አይታወቅም።

የዚህ ወረቀት ችግር የሌሉት ዓምዶች ናቸው። ልጁ መሠልጠን የጀመረው መቼ ነው? ዘንድሮ ስንት ሴንቲ ሜትር አደገ? አባቱና ወንድሞቹ ምን ያህል ቁመት አላቸው? ዛሬ ጠዋት ምን በላ? ዕድገቱን የጨረሰ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅና ገና ያልጀመረ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በአንድ መስመር ላይ ሲሮጡ የሚለካው ጉርምስና ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደረጃው ሊገለበጥ ይችላል። ቋንቋም አለበት። በብዙ የዋግ ቀበሌዎች ልጅ አፉን የሚፈታው በኽምጣና ነው። ከሌላ የመጣ አሠልጣኝ በአማርኛ ሲያናግረው አንገቱን ይደፋል፤ «ዝምተኛ ነው፣ ተነሣሽነት የለውም» ተብሎ ይታለፋል።

ዕድሜውም ያው የቆየ ጣጣችን ነው። የምሩጽ ይፍጠር ትክክለኛ ዕድሜ እስካረፈበት እስከ 2016 ድረስ ሲያከራክር ኖሯል። በክርስቲያኑ ገጠር ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ቀኑ ይታወሳል፣ ዓመቱ ግን «የድርቁ ጊዜ» ወይም «ሠራዊቱ ያለፈ ጊዜ» ተብሎ ይቀራል። አንዳንድ አሠልጣኝ ይህን ክፍተት ተጠቅሞ የሃያ ዓመቱን ወጣት አሥራ ሰባት ይለዋል። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ብልጠት አይደለም። በሐሰት ዕድሜ የተሰለፈ አንድ ትልቅ ሰው የአንድ እውነተኛ ታዳጊ ቦታ ወስዷል፤ ያ ታዳጊም ብዙውን ጊዜ ቀጭኑ፣ ዘግይቶ የሚያድገው ልጅ ነው።

ዋግን ከሌላው ለየት የሚያደርገው ግን ረኃብ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የሰቆጣና የአካባቢው ሕዝብ ወደ ኮረም ሲፈልስ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። ያ ረኃብ ጋብ ቢልም የምግብ እጥረቱ ግን ከአካባቢው አልወጣም። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት የመቀንጨር ችግር ነበረባቸው። የቀነጨረ ልጅ የሚጎዳው ቁመቱ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻውም፣ ትምህርት የመቀበል አቅሙም ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 ለማስቀረት ቃል ሲገባ ስሙን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው። ሥራውም በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀመረ።

እዚህ ላይ ዘመኑን ማስላት ተገቢ ነው። ቃል ኪዳኑ በታወጀ ማግስት የተወለዱት ሕፃናት አሁን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። በ2030 አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ይሞላቸዋል፤ ምልመላው የሚጀመርበት ዕድሜ ያ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባም በመላ አገሪቱ የተጀመረው በነሐሴ 2016 ስለሆነ የልደት ምስክር ወረቀት ይዘው ለውድድር ሊቀርቡ የሚችሉት የመጀመሪያዎቹ የዋግ ልጆች እነዚሁ ናቸው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ ክብደታቸው የተመዘነ ብዙዎች ናቸው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በዞኑ አልፎ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል፤ ከዚያ ወዲህም ሰላሙ አልጸናም። ስለዚህ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ትምህርት ዘግይቶባቸዋል። በክፍል ደረጃ ብቻ የሚመለምል ውድድር ያለ ጥፋታቸው ያስቀራቸዋል።

በእኔ ግምት ለዋግ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ትልቅ ስታዲየም አይደለም። ማይጨውና ደብረ ብርሃን ላይ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ተከፍቷል፤ አሰላ የጥሩነሽ ዲባባ ማዕከል አለ። ማዕከል የሚያሠለጥነው የተላከለትን ልጅ ነው። ላኪው ማን ነው? ከእያንዳንዱ ወረዳ አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ የሚቻል ከሆነ ኽምጣና የሚናገር፣ ሰዓትና ሜትር ተሰጥቶት፣ አበል ተቆርጦለት፣ ከቦታው ሳይነሣ አምስት ዓመት እንዲሠራ ቢደረግ ከማናቸውም ሕንፃ የበለጠ ያፈራል። በዓመት ሁለት ጊዜ ያው ልጅ ያንኑ 2 ኪሎ ሜትር ይሩጥ፤ ቁመቱ ይለካ፤ ከአራተኛ እስከ ሃያኛ የወጡት ስም በመዝገብ ይቆይ። ሴቶቹን በተመለከተ ደግሞ ከወላጆች ጋር መነጋገር ይቀድማል፤ በአሥራ አምስት ዓመቷ የምትዳር ልጅ በአሥራ ሰባት ዓመቷ አትመለመልም።

የዋግ ኽምራ ዞን ስፖርት መምሪያ፣ የአማራ ክልል አትሌቲክስ ፌዴሬሽንና በየወረዳው ያላችሁ መምህራን፦ በሚቀጥለው ውድድር ላይ መዝገቡን ስትከፍቱ ሦስቱን አሳልፋችሁ የቀሩትን አትጣሉ። ስማቸውን፣ የልደት ቀናቸውን፣ ቁመታቸውንና ሰዓታቸውን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ በዓመቱም እነዚያኑ ልጆች መልሳችሁ ጥሩ።