ሰው ሠራሽ አስተውሎት እና የሶፍትዌር ክፍተት ፍለጋ

የሶፍትዌር ክፍተት ፍለጋ በኮምፒውተር ፕሮግራሞች ውስጥ ተደብቀው የቆዩና አጥቂ ሊገባባቸው የሚችል ስህተቶችን አስሶ የማግኘት፣ እውነተኛነታቸውን የማረጋገጥና የመድፈን ሥራ ነው። ለረጅም ጊዜ የጥቂት ባለሙያዎች ጥበብ ነበር። ከ2023 ወዲህ (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግዙፍ የቋንቋ ሞዴሎች ስለገቡበት መልኩ በፍጥነት እየተለወጠ ነው። የለውጡ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ክፍተት ማግኘት ረክሷል፤ የተገኘውን መርምሮ መድፈን ግን ዛሬም የሰው ጊዜ ይበላል። ከዚህ በታች የሚነሱት ክስተቶች ሁሉ በዚህ አለመመጣጠን ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው።

አመጣጡ

ክፍተትን በማሽን የመፈለግ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1988 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ባርተን ሚለር በአንድ ዶፍ በጣለበት ሌሊት ከቤታቸው ሆነው በስልክ መስመር የዩኒቨርሲቲውን ኮምፒውተር ይጠቀሙ ነበር። በዝናቡ የተረበሸው መስመር ትርጉም የሌላቸው ፊደላት በትእዛዛቸው መሃል ይሰነቅር ጀመር። ያስገረማቸው የመስመሩ መረበሽ ሳይሆን፣ ፕሮግራሞቹ የተበላሸውን ግብዓት አንቀበልም ብለው መመለስ ሲገባቸው ተራ በተራ መውደቃቸው ነበር። ነገሩን ለተማሪዎቻቸው የክፍል ሥራ አድርገው ሰጡት፤ በታወቁ የዩኒክስ ፕሮግራሞች ላይ የዘፈቀደ ፊደል እያዘነቡ የሚሆነውን መመዝገብ። ከሩብ እስከ ሲሶ የሚደርሱት ፕሮግራሞች ወደቁ ወይም ደርቀው ቀሩ። ፈዚንግ የሚባለው ዘዴ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው፤ ዛሬም ድረስ የክፍተት ፍለጋ ዋና መሣሪያ ነው።

ፈዚንግ ግን የሚያነበውን ኮድ ትርጉም አያውቅም። ግብዓቱን ወደ ትክክለኛው የፕሮግራሙ ክፍል የሚያደርስለት መጋቢ ኮድ ባለሙያ ቁጭ ብሎ መጻፍ አለበት፤ መጋቢ ያልተጻፈለት ክፍል ሳይፈተሽ ይቀራል። የዚህ ዋጋ በሚያዝያ 2014 ታየ። የኢንተርኔት መረጃን በሚመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ሃርትብሊድ የተባለ ክፍተት ተገኘ፤ አጥቂው በእያንዳንዱ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የአገልጋዩን ማህደረ ትውስታ እንዲያነብ የሚፈቅድ ነበር፤ የይለፍ ቃልና የምስጢር ቁልፍ ሳይቀር። ስህተቱ ሁለት ዓመት ያህል በይፋ በሚታይ ኮድ ውስጥ ተቀምጦ ማንም አላየውም። ጉግል በ2016 ኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮግራሞችን ያለማቋረጥ የሚፈትሸውን ኦኤስኤስ-ፈዝን የጀመረው ከዚህ ትምህርት ወስዶ ነው። ኩባንያው ከ2023 ጀምሮ መጋቢ ኮዱን የቋንቋ ሞዴሎች እንዲጽፉት አደረገ፤ በኅዳር 2024 በዚህ መንገድ 26 አዳዲስ ክፍተቶች መገኘታቸውን አስታወቀ። ከእነዚህ አንዱ በዚያው በኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ የነበረ ሲሆን ሃያ ዓመት ያህል ሳይታይ የኖረ ሳይሆን እንደማይቀር ተገምቷል።

የዳርፓ ውድድሮች

የአሜሪካ የመከላከያ ምርምር ተቋም ዳርፓ ይህን መስክ በሁለት ውድድሮች ገፍቶታል። የመጀመሪያው በነሐሴ 2016 ላስ ቬጋስ ውስጥ የተካሄደው የሳይበር ታላቁ ፈተና ነው። ሰባት ማሽኖች ያለ ሰው እጅ ክፍተት እየፈለጉ፣ የራሳቸውን እየደፈኑ፣ የሌላውን እያጠቁ ተወዳደሩ። ፎርኦልሴክዩር የተባለው የፒትስበርግ ኩባንያ ያቀረበው ሜይሄም አሸንፎ 2 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ወዲያው በዴፍኮን ጉባኤ ላይ ከሰው ቡድኖች ጋር ሲሰለፍ ግን ከአስራ አምስቱ መጨረሻ ወጣ። በዚያ ላይ የውድድሩ መድረክ ለዚሁ ሲባል የተሠራ ቀለል ያለ ሥርዓት እንጂ ዓለም የሚጠቀምበት ሶፍትዌር አልነበረም።

ሁለተኛው፣ በነሐሴ 2023 የታወጀው የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሳይበር ፈተና፣ ይህን ድክመት ለማረም ታስቦ የተዘጋጀ ነው። የተፈተሹት ሆስፒታሎችና የውሃ አገልግሎቶች ሳይቀሩ የሚደገፉባቸው እውነተኛ የኦፕን ሶርስ ፕሮግራሞች ሲሆኑ፣ አዘጋጆቹ ስህተት እየቀበሩባቸው ለተወዳዳሪዎቹ አቀረቡ። ከአርባ ከሚበልጡ ቡድኖች ሰባቱ ተመርጠው በነሐሴ 2025 ለፍጻሜ ቀረቡ። ሥርዓቶቹ 54 ሚሊዮን መስመር ኮድ አነበቡ፤ ከተቀበሩት 70 ስህተቶች 54ቱን አገኙ፤ 43ቱንም ደፈኑ። ከአንድ ዓመት በፊት በግማሽ ፍጻሜው ከተቀበሩት ያገኙት 37 በመቶውን ብቻ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ማንም ያልቀበራቸውን 18 እውነተኛ ክፍተቶች ማግኘታቸው ነው፤ ለ11ዱም መድፈኛ አቅርበዋል። የአንዱ ሥራ አማካይ ወጪ 152 ዶላር ገደማ ነበር። አንድ ባለሙያ ለተመሳሳይ ፍተሻ ሳምንታት ሊወስድ እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። የጆርጂያ ቴክ፣ የሳምሰንግ ሪሰርችና የሁለት የደቡብ ኮሪያ ዩኒቨርሲቲዎች ጥምረት የሆነው ቲም አትላንታ 4 ሚሊዮን ዶላር ሲያሸንፍ፣ ትሬይል ኦፍ ቢትስና ቲዮሪ ተከታዮቹን ደረጃዎች ያዙ።

የነጥብ አሰጣጡም ትክክል ነበር ብሎ መመስከር ይገባል። ስህተቱን ከማግኘት ይልቅ መድፈኑ የበለጠ ነጥብ ያስገኝ ነበር፤ መድፈኛውም ፕሮግራሙ ይሠራ የነበረውን ሥራ ማበላሸት አይችልም። ክፍተት አግኝቶ ለሌላው ጥሎ መሄድ በውድድሩ ሕግ ውስጥ ሙሉ ሥራ ተደርጎ አልተቆጠረም።

ሞዴሉ ምን ያያል?

የቋንቋ ሞዴል ከፈዚንግ የሚለየው ኮዱን እንደ ጽሑፍ አንብቦ የጸሐፊውን ሐሳብ መከተል በመቻሉ ነው። የጉግሉ ቢግ ስሊፕ የተባለው ሥርዓት በኤስኪውላይት ዳታቤዝ ላይ የሠራው ሥራ ይህን በግልጽ ያሳያል። ለሞዴሉ በቅርቡ የተደረጉ የኮድ ለውጦች ተሰጥተውት፣ በእነሱ ከተስተካከሉት ጋር የሚመሳሰል ሌላ ስህተት ቀርቶ እንደሆነ ፈልግ ተባለ። በጥቅምት 2024 መጀመሪያ ላይ አንድ አደገኛ የማህደረ ትውስታ ስህተት አገኘ፤ የኤስኪውላይት ባለሙያዎችም በዕለቱ አስተካከሉት፤ ስህተቱ ለሕዝብ በሚለቀቅ እትም ውስጥ ሳይገባ ቀረ። ተመራማሪዎቹ ያንኑ ስህተት በፈዚንግ ለማግኘት 150 የፕሮሰሰር ሰዓታት ቢያሠሩም አልተገኘም።

በግንቦት 2025 ደግሞ የደህንነት ተመራማሪው ሾን ሂላን ኦ3 የተባለውን የኦፕንኤአይ ሞዴል በሊኑክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት (ከርነል) የፋይል መጋሪያ ክፍል ላይ ሞከረው። ሞዴሉ ከዚያ በፊት ማንም የማያውቀውን ክፍተት አገኘ፦ አንደኛው ግንኙነት የተጠቃሚውን መዝገብ ከማህደረ ትውስታ ሲያጠፋ፣ ሌላው ግንኙነት ደግሞ በዚያው ቅጽበት የጠፋውን መዝገብ እየተጠቀመ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማየት ሁለት ሥራዎች በአንድ ጊዜ ሲሮጡ የሚፈጠረውን ሁኔታ በአእምሮ መከታተል ያስፈልጋል፤ ልምድ ያላቸውም ሰዎች የሚስቱት ነገር ነው። ሂላን ከስኬቱ ጋር ውድቀቱንም አልደበቀም። ሞዴሉን እሱ ራሱ አስቀድሞ በሚያውቀው ሌላ ስህተት ላይ 100 ጊዜ ሲፈትነው ያገኘው 8 ጊዜ ብቻ ነበር፤ 28 ጊዜ ደግሞ የሌለ ስህተት አለ ብሎ ሪፖርት አድርጓል። መስኩን በአንድ ሙከራ መለካት ለሚወድ ሁሉ ይህ ጥሩ መጠንቀቂያ ነው።

የከርል ጉዳይ

የሐሰት ሪፖርት ሸክም ከሁሉ ጎልቶ የታየው በከርል ላይ ነው። ከርል መረጃን በኢንተርኔት የሚያስተላልፍ ነጻ ፕሮግራም ሲሆን በስልኮች፣ በመኪኖችና በቴሌቪዥኖች ውስጥ በቢሊዮን በሚቆጠሩ መሣሪያዎች ላይ ይገኛል። መሥራቹ ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ ነው፤ የሚጠብቁት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ፕሮጀክቱ ከ2019 ጀምሮ እውነተኛ ክፍተት ላገኘ ሰው ገንዘብ ይሸልም ነበር።

ስቴንበርግ በጥር 2024 በይፋ ማማረር ጀመረ። በቋንቋ ሞዴል የተጻፉ ሪፖርቶች ይጎርፉ ነበር፤ ሥርዓት ያላቸው፣ ትሁት፣ ረጃጅም ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን የሚጠቅሱት በከርል ውስጥ ጭራሽ የሌለ ኮድ ነው። በደንብ ያልተጻፈ የሐሰት ሪፖርት በጨረፍታ ይታወቃል። አምሮ የተጻፈውን ግን እስከ መጨረሻው ማንበብ ግድ ይላል፤ ምክንያቱም እውነት ሆኖ ቢገኝ በቢሊዮን መሣሪያ ላይ የሚደርስ አደጋ ነው። እሱ እንደገለጸው አንዱን ሪፖርት ሦስት ወይም አራት የቡድኑ አባላት ያዩታል፤ ግማሽ ሰዓትም ሦስት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። በ2025 አጋማሽ ከሚመጡት ሪፖርቶች እውነተኛ ሆነው የተገኙት 5 በመቶ ገደማ ነበሩ። ስንዴውን ከእንክርዳዱ የሚለዩት በፍላጎታቸው የሚያገለግሉ ሰዎች መሆናቸው ነገሩን ከቴክኒክ ጥያቄ በላይ ያደርገዋል። ፕሮጀክቱ በመጨረሻ በጥር 2026 ማብቂያ ላይ የገንዘብ ሽልማቱን ዘጋ።

ይሁን እንጂ ይኸው ፕሮጀክት በመስከረም 2025 በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች የተገኙ ስህተቶችን የያዘ ረጅም ዝርዝር ከአንድ ተመራማሪ ተቀብሎ፣ በዚያ ምክንያት 50 ያህል ማስተካከያዎችን አድርጓል። ስቴንበርግም ሥራውን በአድናቆት ተናግሮለታል። ልዩነቱ ተመራማሪው ለኮድ ትንተና የተሠሩ መሣሪያዎችን ተጠቅሞ፣ ያገኘውን ራሱ አጣርቶ መላኩ ነው። በሽልማት ተስፋ የተሳቡት ግን ሞዴሉ የጻፈውን ሳያነቡ ይልኩ ነበር፤ የማጣራቱን ድካም ለሌላው ማሸከም ለላኪው ምንም አያስከፍልም። ፕሮጀክቶች ለሪፖርት ተቀባይነት የማረጋገጫ ግዴታ ማበጀታቸው ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በአጥቂው በኩል

አንትሮፒክ የተባለው የኤአይ ኩባንያ በኅዳር 2025 ያወጣው ሪፖርት በዚህ ረገድ ብዙ አነጋግሯል። ኩባንያው የቻይና መንግሥት እንደሚደግፈው የገመተው ቡድን፣ ክሎድ ኮድ የተባለውን የኩባንያውን መሣሪያ ተጠቅሞ 30 ያህል ተቋማትን ለማጥቃት መሞከሩንና በጥቂቶቹ መሳካቱን ገልጿል። አጥቂዎቹ የደህንነት ድርጅት ሠራተኞች ነን፣ ሕጋዊ ፍተሻ እያደረግን ነው ብለው ሞዴሉን አታለሉ፤ ሥራውንም ሲታይ ጉዳት የሌለው ወደሚመስል ቁርጥራጭ ከፋፈሉት። ከሥራው ከ80 እስከ 90 በመቶውን ሞዴሉ እንዳከናወነና ሰዎቹ ዋና ዋና ውሳኔ ላይ ብቻ ይገቡ እንደነበር ኩባንያው ተናግሯል። ሞዴሉ አንዳንዴ የማይሠራ የይለፍ ቃል አገኘሁ እያለ አጥቂዎቹንም አሳስቷል። አጥቂዎቹ ለሰርጎ መግባቱ የተጠቀሙባቸው በአብዛኛው የታወቁ የኦፕን ሶርስ መሣሪያዎች ነበሩ፤ አዲስ የነበረው ፍጥነቱና ብዛቱ ነው።

ፍጥነት በተለይ የሚያሰጋው መድፈኛ ወጥቶ ገና ባልተጫነበት ጊዜ ነው። የወጣውን መድፈኛ ከቀድሞው ኮድ ጋር አስተያይቶ ክፍተቱ የት እንደነበር ማወቅ የቆየ ዘዴ ነው፤ ሞዴሎች ይህን ያቀላሉ። ዋናክራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በግንቦት 2017 ዓለምን ሲያጥለቀልቅ ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ካወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ግን አልጫኑትም። ያኔ ሁለት ወር ያልበቃው ተቋም፣ ጊዜው ወደ ቀናት ሲያጥር ምን እንደሚገጥመው መገመት አያስቸግርም።

ኢትዮጵያም ከዚህ ውጭ አይደለችም። በቴሌብርና በባንክ መተግበሪያዎች የሚገለገለው ሰው በአብዛኛው አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሲሆን፣ አንድሮይድ ሊኑክስንና ኤስኪውላይትን በውስጡ ይዟል። ካሊፎርኒያ ወይም ዙሪክ ውስጥ የተገኘ ክፍተት መርካቶ የተገዛ ስልክም ውስጥ አለ፤ አምራቹ ማሻሻያ መላክ ያቆመበት የቆየ ስልክ ደግሞ ሳይደፈን ይኖራል። ሞዴሎች አማርኛ መጻፍ በመቻላቸውም፣ ከውጭ የሚላክ የማጭበርበሪያ መልእክት ከእንግዲህ በተሰባበረ ቋንቋው አይለይም።

ማታለሉ ጽሑፍ ላይ አያበቃም። በ2024 መጀመሪያ የታወቀው የሆንግ ኮንግ ወንጀል የዚህ ምሳሌ ነው። የአሩፕ ኩባንያ ሠራተኛ የፋይናንስ ኃላፊውንና ባልደረቦቹን በቪዲዮ ስብሰባ ያየ መስሎት በ15 ጊዜ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር አስተላልፏል። በስክሪኑ ላይ የነበሩት ፊቶች በሙሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠሩ የሐሰት ምስሎች (ዲፕፌክ) ነበሩ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ራሱም የጥቃት በር ሆኗል፦ በ2025 ይፋ የሆነው ኤኮሊክ የተባለ፣ ኮፓይለት በሚባለው የማይክሮሶፍት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ውስጥ የነበረ ክፍተት፣ በኢሜይል ውስጥ በተደበቀ ትእዛዝ ብቻ፣ ባለቤቱ ምንም ሳይጫን የተቋሙን መረጃ ማስወጣት ያስችል ነበር። ማይክሮሶፍት ዘግቶታል። የችግሩ ሥር ግን አልተነቀለም፤ የቋንቋ ሞዴል እንዲያነበው በተሰጠው ጽሑፍና እንዲፈጽመው በተሰጠው ትእዛዝ መካከል ያለውን ድንበር ሁልጊዜ አይለይም።

መድፈኛውን ማን ይሠራል?

ሃርትብሊድ ሲገኝ የዓለም ባንኮች የሚደገፉበት ኦፕንኤስኤስኤል በዓመት የሚያገኘው የልገሳ ገንዘብ 2,000 ዶላር ገደማ እንደነበር ታውቆ ብዙዎችን አሳፍሯል። ከዚያ ወዲህ ሊኑክስ ፋውንዴሽንና ትልልቅ ኩባንያዎች ገንዘብ ማዋጣት ጀምረዋል፤ ነገር ግን ማሽን አንድን የፍተሻ ሥራ በ152 ዶላር ገደማ በሚያከናውንበት ዘመን የጠባቂዎቹ ቁጥር በዚያ ልክ አላደገም። ማሽን የሚጽፈው መድፈኛም ፕሮጀክቱን ከሚያውቅ ሰው ፊት ሳይቀርብ መግባት የለበትም፤ ፈተናውን አልፎ የችግሩን ሥር ሳይነካ የሚቀር መድፈኛ ካለመኖሩ የከፋ ነው፤ ተዘግቷል የሚል መተማመን ይፈጥራልና። ዳርፓ የፍጻሜ ተወዳዳሪዎቹ ሥርዓቶች በነጻ እንዲለቀቁ አድርጓል፤ በዓለም ላይ ባሉ ወሳኝ ሶፍትዌሮች ውስጥ ሥራ ላይ እንዲውሉም ተጨማሪ 1.4 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት መድቧል።