የሕግ ዲግሪና የካዛንቺስ ደጃፎች፦ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በሙያ ትምህርት የተጓዙበት መንገድ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የካዛንቺስ ሰፈር ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት አኅጽሮት፣ ይኸውም «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው መጠሪያ እንደሆነ ይታወቃል። ሰፈሩ ከአመሠራረቱ ጀምሮ የጸሐፊዎችና የሹማምንት መኖሪያ ነበረ፤ ኋላም ከስሙ ሳይርቅ የመሥሪያ ቤቶች ሰፈር ሆነ። በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን ጽሕፈት ቤቱን በዚሁ አካባቢ አደረገ፤ የአፍሪካ አዳራሽም በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ እንደ አዲስ እስከ ተደራጀበት ጊዜ ድረስ ለብዙ ዓመታት ይሠራ የነበረው በካዛንቺስ ነው። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትም በቂርቆስ ምድብ ችሎት አለው። በመሆኑም በዩኒቨርሲቲ የሙያ ትምህርት የጨረሰ ሰው ማስረጃውን ይዞ ደጅ የሚጠናበት ቦታ ይፈለግ ቢባል፣ ከዚህ አካባቢ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ጽሑፍ በዚህ ደጃፍ ከሚያልፉት መካከል ስለ አንድ ወገን፣ ማለትም የሕግ ትምህርት ስለ ተማሩ ዓይነ ስውራን፣ የታሪክ ቅኝት ያደርጋል። የሕክምናው፣ የምሕንድስናውና የሒሳብ አያያዙ በር ሲዘጋ የሕጉ በር ለምን ተከፈተ? ተከፍቶስ ወዴት አደረሰ? ጥያቄው ለመምህራንና ለፕላን ሠራተኞች የሚጠቅም የሚመስለው፣ የተማሪው ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሳይሆን ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ በመሆኑ ነው።

ማየት የተሳነው ሰው ሊቅ ሊሆን ይችላል የሚለው አሳብ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ በተለይም ዜማውና ቅኔው፣ በቃል የሚሰጥና በቃል የሚያዝ በመሆኑ ዓይነ ስውር ደቀ መዝሙር ከዓይናማው እኩል ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ይማር ነበር፤ ተምሮም መሪጌታ ይሆን ነበር። ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር የቆየ ግንኙነት የነበራት የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ራሷ በአራተኛው መቶ ዘመን የትምህርት ቤቷን አመራር የሰጠችው በሕፃንነቱ ዓይኑ ለጠፋው ለዲዲሞስ ነው። ስለ እርሱ የጻፉት የታሪክ ሰዎች፣ በእንጨት ላይ ተቀርጸው በጣት በሚዳሰሱ ፊደላት ማንበብ እንደ ተማረ ይናገራሉ። ይህም ሉዊ ብራይል ከመወለዱ ከ1,400 ዓመት በላይ አስቀድሞ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ የአብነት ትምህርት ቤቱ ለዓይነ ስውሩ ያደረገለት ልዩ ዝግጅት አልነበረም። የትምህርቱ ጠባይ ራሱ ስለ ተስማማው ብቻ ገባበት። የዘመናዊው ትምህርት ጠባይ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው፤ በጥቁር ሰሌዳ፣ በመጽሐፍና በጽሑፍ ፈተና ላይ ቆሟል። ዓይነ ስውሩ ከትምህርት የራቀው፣ እንግዲህ፣ ትምህርት በተስፋፋበት ዘመን ነው ማለት ይቻላል።

ብራይልን ወደ ኢትዮጵያ ያስገቡት የውጭ ሀገር ሚሲዮኖች ናቸው፤ ከቀደሙት መካከል የደምቢ ዶሎው ትምህርት ቤት ይጠቀሳል። ቀጥሎ በሰበታ መርሐ ዕውራን የተባለው ትምህርት ቤት ተከፈተ። (ዛሬ «ዕውር» የሚለው ቃል ከትምህርት ጽሑፎች ወጥቶ «ዓይነ ስውር» ወይም «ማየት የተሳነው» ተብሏል፤ «አካለ ስንኩላን» የሚለውም «አካል ጉዳተኞች» በሚለው ተተክቷል። የቃሉ ለውጥ ከአሠራሩ ለውጥ በብዙ ዓመታት ቀድሟል።) የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በዚያው ዓመት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ታወጀ፤ የሁለቱም ልደት በአንድ ዓመት መዋሉ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ማኅበሩ ዓይነ ስውር ራሱን ችሎ መቆም ይችላል ብሎ ሲነሣ፣ ሕጉ በቁጥር 340 ዓይነ ስውራንን፣ መስማት የተሳናቸውንና የማይድን ጉድለት ያለባቸውን ሌሎች ሰዎች ራሳቸውን ወይም ሀብታቸውን ማስተዳደር ካልቻሉ ለአእምሮ ሕሙማን በተሰጠው ጥበቃ መጠቀም እንደሚችሉ ደነገገ። በቁጥር 1728 ንኡስ ቁጥር 3 ደግሞ የዓይነ ስውር ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው አስቀመጠ። በዚህ ድንጋጌ ዓይነ ስውሩና ማንበብና መጻፍ የማያውቀው ሰው በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል።

የድንጋጌው አሳብ ክፉ አልነበረም። ያላየውን ወረቀት አስፈርመው እንዳይወስዱበት ለመጠበቅ ነው። ነገር ግን በ1956 ዓ.ም. የሕግ ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተና ዓይነ ስውራን በየጊዜው እየገቡ የሕግ ዲግሪ መያዝ ከጀመሩ በኋላ፣ ጥበቃው እንግዳ መልክ ያዘ። ስለ ውል ሕግ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ያጠና፣ ለሌሎች ሰዎች ውል ሊያዘጋጅ የተፈቀደለት ባለሙያ፣ የራሱን ውል ሲፈርም ሕጉ የሚያየው ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው ነው። ድንጋጌው ዛሬም በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ አለ።

ሕግ ከሌሎቹ የሙያ ትምህርቶች ቀድሞ ለዓይነ ስውራን የተከፈተበት ምክንያት ግልጽ ይመስላል። ሕግ የቃል ሙያ ነው፤ ቤተ ሙከራ የለውም፣ ሥዕልና ልኬት አይጠይቅም፣ ትልቅ የማስታወስና የመከራከር ችሎታ ይፈልጋል። በአጭሩ ከቅኔ ቤቱ ጋር ዝምድና አለው። ሆኖም የቃል ሙያ ነው ማለት ቀላል ነው ማለት አይደለም። በፋኩልቲው የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ፣ የችሎቱ ቋንቋ ግን አማርኛ ስለሆነ፣ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ሁለት የብራይል አጻጻፍ አሳምሮ ማወቅ ነበረበት። አንድ መካከለኛ መጽሐፍ በብራይል ሲገለበጥ በርካታ ግዙፍ ጥራዞች ይሆናል። ሕጎቹም ቶሎ ቶሎ ስለሚሻሻሉ፣ የተገለበጠው ጥራዝ ከመድረቁ ያረጃል። በዚህ የተነሣ ለብዙ ዘመን የተማሪው ዋና መሣሪያ ብራይል ሳይሆን አንባቢ ነበር። አንባቢው ዓይናማ የክፍል ጓደኛ ነው፤ ጊዜ ሲኖረው ያነባል፣ ሲፈተን ይቀራል፣ አልፎ አልፎም በካሴት ይቀዳለታል። ስለዚህ የዓይነ ስውሩ የጥናት ሰዓት በሌላው ሰው ትርፍ ሰዓት ተለክቷል።

በፈተና ጊዜ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ተማሪው በቃሉ ሲመልስ የሚጽፍለት ሰው ይመደባል። ጸሐፊው የሕግ ቃላት የማያውቅ ከሆነ «ይርጋ»ን፣ «ዳረጎት»ን፣ «ውርስ ማጣራት»ን እየቆመ ማስረዳት ግድ ነው፤ በዚያ ላይ የሚባክነው ደቂቃ የተፈታኙ ነው። የሕግ ቃላትን የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ መልሱ የማን ነው የሚል ጥርጣሬ ይነሣል። ለዚህ ነገር መፍትሔው ተማሪው ራሱ በመሣሪያ እንዲጽፍ ማድረግ ነው፤ በኮምፒውተር ዘመን ይህ አስቸጋሪ ሊሆን አይገባም ነበር። ዳሩ ግን አያሌ የነጋሪት ጋዜጣ እትሞች ለኮምፒውተር የቀረቡት በፎቶግራፍ መልክ ነው። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ የታተመበት ገጽ ለዓይናማ ምቹ ነው፤ ለንባብ መሣሪያ ግን ፊደሉ ተለይቶ ካልወጣለት ባዶ ሥዕል ነው።

በዚህ መንገድ ካለፉት መካከል በስፋት የምትታወቀው ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ ናት። በ1974 ዓ.ም. በወሎ ተወለደች፤ በአምስት ዓመቷ በማጅራት ገትር ሕመም የዓይኗን ብርሃን አጣች። በሻሸመኔ የካቶሊክ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ ኋላም በዳግማዊ ምኒልክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከዓይናማ ተማሪዎች ጋር ተምራ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ገባች። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ አካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። የእርሷ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለማበረታቻ ነው። ለፕላን ሠራተኛ ግን ከማበረታቻው ይልቅ የመንገዱ ቅደም ተከተል ይጠቅማል፦ በመጀመሪያ ብራይልን በሚገባ የሚያስተምር ልዩ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ከዓይናማ ተማሪዎች ጋር የመደበኛ ትምህርት፣ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ። ከሦስቱ የመጀመሪያው ባይኖር ሁለቱ ባልተከተሉ ነበር።

ከዲግሪው በኋላ ያለውን ደጃፍ በተመለከተ ሕጉ ቀስ በቀስ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1971 በትእዛዝ ቁጥር 70 የአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ድርጅት ሲመሠረት፣ በዕድሜ ማነስ ወይም በእርጅና መሥራት ያልቻሉት ሁሉ ከአካል ጉዳተኞች ጋር ተደምረዋል፤ የጊዜው አሳብ ምጽዋትና መጠለያ እንጂ ሙያ አልነበረም። የመቀጠር መብትን በተለይ የደነገገው አዋጅ ቁጥር 101/1986 ነው። እርሱም ድክመት ስለ ተገኘበት በአዋጅ ቁጥር 568/2000 ተተካ። አዲሱ አዋጅ ሁለት ቁም ነገር ይዟል። አንደኛ፣ አሠሪው ለሥራው የሚያስፈልገውን ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ ሁለተኛ፣ አድልዎ ተፈጸመብኝ ያለ ሰው መነሻውን ካሳየ የማስረዳቱን ሸክም ወደ አሠሪው ያዞራል። ይህ ሁለተኛው ለሥራ ፈላጊው ታላቅ ነገር ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ለምን እንዳልቀጠረ የሚያውቀው ራሱ መሥሪያ ቤቱ ነውና።

ከዚህ ጋር የከፍተኛ ትምህርቱን አዋጅ ቁጥር 650/2001 ማነጻጸር ይጠቅማል። አንቀጽ 40 ስለ አማራጭ የፈተና ዘዴ፣ ስለ መርጃ መሣሪያ፣ ስለ ተጨማሪ የፈተና ጊዜ፣ ስለ ሕንፃዎች አሠራር በዝርዝር ይናገራል፤ ነገር ግን በተቻለ መጠንና ሁኔታው በፈቀደ የሚለው አሳብ ይደጋገምበታል። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1152 እስከ ተተካበት ጊዜ ድረስ አሥር ዓመት ያህል ሠርቷል። እንደዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ሁኔታው ፈቅዷል ወይስ አልፈቀደም የሚለውን የሚወስነው ራሱ ግዴታ የተጣለበት ተቋም ከሆነ፣ ግዴታው ከመልካም ፈቃድ ብዙ አይለይም። አሠሪው በ568 ዓ.ነገር እንዲያስረዳ ሲገደድ ዩኒቨርሲቲው በ650 አልተገደደም። ተማሪው በአንጻራዊ ሁኔታ የተሻለ የሕግ ጥበቃ ያገኘው ተማሪነቱ ካበቃ በኋላ ነው።

በመንቀሳቀስ ችግር ላይ ያሉትን በተመለከተ የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች ጭምር መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ነባር ቤቶቿ ፈርሰው መንገዶቿ ሲሰፉ፣ ከአዋጁ በፊት የተሠሩት ባለ ደረጃ መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ግን ለብቻው የሚታይ ሆኖ ቀርቷል። መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ከሁሉም ወደ ኋላ ቀርተዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ከዚያ በፊት በሙያ ትምህርት ክፍል ውስጥ የሚያስተረጉም የሠለጠነ ሰው ከየት ይመጣ ነበር?

አሁን ወደ ተዘጉት በሮች እንመለስ። ዓይነ ስውር ተማሪ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የሒሳብ ባለሙያ ያልሆነው ዩኒቨርሲቲው ስለ ከለከለው ብቻ አይደለም። በብዙ ትምህርት ቤቶች ገና በላይኛው የመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች ከሒሳብና ከተፈጥሮ ሳይንስ ነጻ ይደረጋል፤ በሀገር አቀፍ ፈተናም ውጤቱ ያለ ሒሳብ ይሰላል። ነጻ ማድረጉ እንደ ርኅራኄ ይታያል፤ መምህሩም በሰሌዳ ላይ የሚሥለውን ቅርጽ በምን እንደሚያስረዳ ስለማያውቅ አይቃወምም። ነገር ግን የሚቻል ነገር መሆኑ የታወቀ ነው። ዓይነ ስውሩ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ አብርሃም ኔሜዝ ለሒሳብ ምልክቶች የሚሆን የብራይል አጻጻፍ አዘጋጅቶ አጻጻፉ እ.ኤ.አ. በ1952 ሥራ ላይ ውሏል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ወጥቶ ግቢ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ለምርጫ የሚቀርቡለት የሙያ ትምህርቶች በዚያች ሰዓት ተቆጥረው አልቀዋል።

ስለዚህ በቂርቆስም ሆነ በሌላ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ርእሰ መምህር የልዩ ፍላጎት ተማሪዎችን ብዛት በክፍልና በጉዳት ዓይነት ሞልቶ ወደ በላይ ሲያስተላልፍ፣ በቅጹ ላይ አንድ ዓምድ ቢጨመርለት መልካም ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ በዚህ ዓመት ሒሳብ የተማሩት ስንት ናቸው፣ ያልተማሩትስ ማን ወስኖላቸው ነው የሚል።