መስማትና መለየት፦ ከጆሮ ምርመራ ታሪክ የተወሰደ ትምህርት



ድምፅ የሰማ ሁሉ የተነገረውን ለይቷል ማለት ይቻላልን? በኦዲዮሜትር የሚደረገው የተለመደ ምርመራ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ነጠላ ድምፆችን እያሰማ፣ ጆሮ ሊደርስበት የሚችለውን ዝቅተኛ መጠን ይመዘግባል። ውጤቱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ጫጫታ ባለበት ስፍራ ንግግር የሚምታታበት ሰው ግን አለ።

ይህን ልዩነት በቁጥር በመለካት ረገድ ሐኪሞች የስልክ መሐንዲሶች ባለዕዳ ናቸው። በቤል ላቦራቶሪዎች ሃርቪ ፍሌቸርና ባልደረቦቹ ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላትን በመስመር እያስተላለፉ፣ አድማጩ ስንቱን በትክክል እንደ ጻፈ በመቶኛ ያሰሉ ነበር። የሚፈተነው መስመሩ እንጂ ጆሮው አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ዘዴውን በጦር መሣሪያና በሞተር ጩኸት መካከል ለሚደረግ ግንኙነት አዋሉት። ከዚያ ሥራ የተገኙትን ባለ 50 ቃል ዝርዝሮች ጄምስ ኢገን እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተመ፤ በ1952 ደግሞ አይራ ኸርሽና ባልደረቦቹ በሴንት ሉዊስ አሻሽለው ለሕክምና አበቋቸው። የስልክ መፈተኛ የነበረው እንግዲህ የሰው መፈተኛ ሆነ።

በ1954 ጣሊያናዊው ኤቶሬ ቦካና ባልደረቦቹ አንድ እርምጃ ጨመሩ። ቀጫጭን ድምፆቹ የተቀነሱለትን ንግግር፣ በአንጎላቸው የጎን ክፍል ዕጢ ላለባቸው ሕሙማን አሰሙ። ነጠላ ድምፅን በደኅና የሚሰሙት እነዚህ ሰዎች፣ ከዕጢው ተቃራኒ በሆነው ጆሯቸው ቃላትን መለየት ተሳናቸው። ጉድለቱ ከጆሮ ባሻገር ነበርና፣ የተለመደው ምርመራ አላየውም።

ይህ ታሪክ ለእኛ አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። የቃላት ዝርዝር እንደ መሣሪያ ከውጭ አይገዛም፤ ተተርጉሞም አይሠራም። የእንግሊዝኛው ዝርዝር የተመጠነው በእንግሊዝኛ ድምፆች ነው። አማርኛ ግን «ትል»ን ከ«ጥል» በአንድ ተነባቢ ይለያል፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ ጊዜ ነው። እነዚህን የማይፈትን ዝርዝር የአማርኛ ተናጋሪን ጆሮ ፈተነ አይባልም። በአንጻሩ አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ሰው በአማርኛ ዝርዝር ቢፈተንና ቢሳሳት፣ ስሕተቱ የጆሮው ነው ወይስ የቋንቋው? ይህን ሳይጠይቅ የሚፈርድ መርማሪ ጤነኛውን ደንቆሮ ሊለው፣ ሕመምተኛውንም ደኅና ነህ ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል።

ስለዚህ ሥራው የሐኪሙ ብቻ አይደለም። የሥነ ልሳን ተማሪዎቼ፣ ይህ የእናንተም ድርሻ ነው።